በቪየና በሁለት ቀን ስድስት ኬክ ለይቶ ለመቅመስ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ወደ ቪየና ለመሄድ ሻንጣ የሚያዘጋጁ ወዳጆችና ዘመዶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ያለኝ ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የትኛውን ኬክ፣ የት፣ በምን ቅደም ተከተል ልብላ?» የሚል ነው። መልሱን በየጊዜው በስልክ ከመድገም ይልቅ እዚህ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። መመሪያው የተዘጋጀው አብረው ለሚጓዙ ሁለት ሰዎች ነው፤ ብቻዎን ከሆኑ ከስድስቱ ሁለቱን ይተዉ እንጂ ስድስቱንም ለመጨረስ አይሞክሩ።

ሥራው ሁሉ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው። ምላስ በስኳርና በቅቤ ቶሎ ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ የሚቀርብለት ኬክ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን «ጣፋጭ» ከመሆን ያለፈ ነገር አይነግረውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ምላስዎ ንጹሕ ሆኖ ወደሚቀጥለው ቁራጭ እንዲደርስ የሚያደርጉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ጥሬ ገንዘብ በዩሮ፣ በተለይ ባለ 5 እና ባለ 10 ኖቶችና ሳንቲሞች። ካርድ የማይቀበሉ አሮጌ ቤቶች ስላሉ በካርድ ብቻ መተማመን አይገባም።
• ለአንድ ሰው በአንድ ማረፊያ (ማለትም በሚገቡበት በአንዱ ኬክ ቤት) 15 ዩሮ ያህል በጀት። ይህ አንድ ቁራጭ ኬክ፣ አንድ ቡናና ጉርሻን ይሸፍናል፤ ቁራጩን ለሁለት ከተካፈሉ ይተርፋል።
• ለ24 ሰዓት የሚያገለግል የከተማ ማመላለሻ ቲኬት። አብዛኛው መንገድ በእግር የሚሄዱበት ነው፤ ቲኬቱ የሚያስፈልገው ለዝናብና ለምሽት ነው።
• የሚመች ጫማ።
• ጣዕሙን ወዲያው የሚጽፉበት ትንሽ ደብተር ወይም ስልክ።
• ጨው ያለው ደረቅ ነገር፣ ለምሳሌ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት። በሁለት ኬኮች መካከል ምላስን ለመመለስ ከስኳር አልባ ውኃ ቀጥሎ የሚረዳው ይህ ነው።
• ጠንካራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ለተረፈ ኬክ።
• በደረጃ 3 ላይ ያሉት የጀርመንኛ ዓረፍተ ነገሮች የተገለበጡበት ወረቀት።
• የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ካለ መለኪያውና መድኃኒቱ፤ የአለርጂ ችግር ያለበት ካለም መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ውስጥ።

ደረጃ 1፦ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድመው ያስተካክሉ

በቪየና በሕግ ምክንያት አብዛኞቹ ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች እሑድ ዝግ ናቸው፤ ቡና ቤቶችና ኬክ ቤቶች ግን በአብዛኛው ይሠራሉ። ስለዚህ ዳቦውንና ብስኩቱን ቅዳሜ ይግዙ። ታኅሣሥ 24 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ብዙ ቤቶች ከቀትር በኋላ ቀድመው ይዘጋሉ። የሚሄዱበትን ቤት የመክፈቻ ሰዓት በጉዞው ሳምንት በራሱ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ፤ አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ላይ ባለው ሰዓት አይሂዱ።

ሰዓት ሲያነቡ ይጠንቀቁ። በሩ ላይ 20:00 ተብሎ የተጻፈው በእኛ ማታ 2 ሰዓት ነው። እኔ ከዘመዶቼ ጋር በነበርኩበት ጊዜ አንዳችን በአገር ቤት፣ ሌላው በአውሮፓ አቆጣጠር አስበን ስድስት ሰዓት ተላልፈናል፤ ቀጠሮውን በ24 ሰዓት አቆጣጠር በጽሑፍ መለዋወጥ ይህን ያስቀራል።

የኦርቶዶክስ ጾም ለሚጾም ሰው ቀን መምረጥ ከሁሉ ይቀድማል። የቪየና ኬክ ማለት ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት ማለት ነው፤ ስለሆነም ረቡዕና ዓርብን ከሁለቱ የቅምሻ ቀኖች ውጭ ያድርጉ። የገና ገበያዎችን ለማየት በታኅሣሥ የሚሄዱ ብዙዎች የሚረሱት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ጾመ ነቢያት መሆኑን ነው። በጾም ቀን ከተገኙ «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበትን ብቻ ይጠይቁ፤ «ቬጌታሪሽ» የሚለው ሥጋ የለውም ማለት እንጂ ቅቤና እንቁላል የለውም ማለት አይደለም። ቬጋኒስታ የሚባሉት አይስክሬም ቤቶች ሙሉ በሙሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነጻ ስለሆኑ ለጾመኛ ጥሩ መጠለያ ናቸው።

በካፌ ሴንትራል እና በካፌ ዛኸር በር ላይ ብዙ ጊዜ ሰልፍ አለ። የሚቻል ከሆነ ቦታ አስቀድመው ያስይዙ፤ ካልሆነ ጠዋት ገና እንደተከፈተ ይድረሱ። ከ14:00 እስከ 17:00 ያለው ጊዜ የከተማው ሰው ራሱ ለቡናና ለኬክ የሚወጣበት ስለሆነ ሰልፉ ይረዝማል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዳንዱ ኬክ አልቆ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ስድስቱን ይምረጡ

ከመስታወቱ መደርደሪያ ፊት ቆሞ መምረጥ ከባድ ነው፤ ሁሉም ያምራል። ከመሄድዎ በፊት ከእነዚህ ውስጥ በዓይነት የሚለያዩ ስድስት ይምረጡ። ሁለት የቸኮሌት ወይም ሁለት የቅቤ ክሬም ኬክ አስከትሎ መብላት ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ በደረጃ 7 ያለው የሁለቱ ዛኸርቶርተ ንጽጽር ብቻ ከዚህ ውጭ ነው።

አፕፈልሽትሩደል፦ እንደ ወረቀት በሳሳ ሊጥ የተጠቀለለ ፖም፣ ዘቢብ፣ ቀረፋና በቅቤ የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ። ሊጡ ራሱ ዱቄት፣ ውኃና ዘይት ነው፤ ነገር ግን ላዩ በቅቤ ስለሚቀባና ፍርፋሪውም ቅቤ ስላለው የጾም አይደለም።

ቶፕፈንሽትሩደል፦ በፖም ፈንታ ቶፕፈን የሚባል እርጎ መሰል አይብ የተሞላ። የእኛን አይብ ለሚወድ ሰው በጣም የሚቀርበው ይህ ነው፤ ጎምዘዝ ማለቱ ስኳሩን ያረግበዋል። ብዙ ጊዜ በሞቀ የቫኒላ ሶስ ይቀርባል።

ዛኸርቶርተ፦ የቸኮሌት ኬክ፣ የአፕሪኮት ማርማላታና ጠንከር ያለ የቸኮሌት ሽፋን።

ኤስተርሃዚ፦ ከአልሞንድ ወይም ከሌላ የዛፍ ፍሬና ከተመታ የእንቁላል ነጭ የተጋገሩ ስስ ንጣፎች በቅቤ ክሬም ተደራርበው፣ ላዩ ነጭ ሆኖ የቸኮሌት መስመር የተጎተተበት። ከሁሉም ከባዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁራጩ ትንሽ ስለሚመስል ሰው ይሳሳታል።

ዶቦሽ፦ ስስ የስፖንጅ ንጣፎች በቸኮሌት የቅቤ ክሬም፣ ላዩ ጠንካራ ካራሜል። ከቡዳፔስት የመጣ ሲሆን በቪየናም በየቤቱ አለ።

ካርዲናልሽኒተ፦ ነጭና ቢጫ ተራ በተራ የሚታይበት፣ ከተመታ የእንቁላል ነጭና ከስፖንጅ የተሠራ፣ መሐሉ ክሬም ያለው። ቀላል ነው።

ክሬምሽኒተ፦ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች ሚልፎኝ የምንለው ወንድም ነው፤ የሚሰበር ቅጠላማ ሊጥና የቫኒላ ክሬም። የሚያውቁትን ነገር በሌላ አገር እጅ መቅመስ ብዙ ስለሚያስተምር አንዱን ቦታ ለዚህ እንዲሰጡ እመክራለሁ።

ፑንሽክራፕፈን፦ ሮዝ ሽፋን ያለው አራት ማዕዘን፤ ውስጡ በሩም የራሰ ነው።

ቡኽተልን፦ በፕሪም ማርማላታ የተሞላ፣ ተጠጋግቶ የተጋገረ ለስላሳ የእርሾ ዳቦ፤ ትኩሱን የሚበላ።

ክራፕፈን፦ የእኛ ቦምቦሊኖ፣ አፕሪኮት ማርማላታ የተሞላበት። ዋና ወቅቱ ከጥር መጀመሪያ እስከ ካቶሊኮች ዐቢይ ጾም መግቢያ ነው።

ካይዘርሽማረን የሚባለውን ከስድስቱ ውስጥ አያስገቡት። በጣት ልክ የተበጣጠሰ ወፍራም የእንቁላል ፓንኬክ ሲሆን ከበሰለ ፕሪም ጋር ይቀርባል፤ መጠኑ የአንድ ምሳ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ እኩለ ቀን ላይ አንድ ሙሉ ሳህን በልቼ እስከ ማታ ሌላ ነገር መቅመስ አልቻልኩም። ከፈለጉት ምሳውን ራሱ ይተኩበት።

ደረጃ 3፦ ፊደላቱንና አራቱን ጥያቄዎች ይያዙ

በኦስትሪያ ምግብ ዝርዝር ላይ ከኬኩ ስም ቀጥሎ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ይታያሉ። እነዚህ አለርጂ የሚያስነሡ ነገሮችን የሚያመለክቱ ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊደል «ኤ» ግሉተን ያለው እህል፣ «ሲ» እንቁላል፣ «ኢ» ለውዝ (ኦቾሎኒ)፣ «ኤፍ» አኩሪ አተር፣ «ጂ» ወተት፣ «ኤች» የዛፍ ፍሬዎችን ማለትም አልሞንድ፣ ሃዘልነትና ዋልነትን፣ «ኤን» ሰሊጥን ይወክላሉ። በተለይ «ኢ» እና «ኤች»ን አያምታቱ፤ በአማርኛ ሁሉንም «ለውዝ» እያልን ስለምንጠራ ስሕተቱ ቀላል ነው፣ መዘዙ ግን ቀላል አይደለም። ፊደል ያልተጻፈበት ቤት ከገቡ ይጠይቁ፤ ሠራተኞቹ ይህን መረጃ በቃል የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፤ አልኮልም ጄላቲንም በፊደላቱ ውስጥ የራሳቸው ምልክት የላቸውም። ፊደላቱ የተዘረጉት ለአለርጂ እንጂ ለሃይማኖት ወይም ለሌላ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ የምግብ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ ቆዳ የሚወጣ ሲሆን የሚገባውም ክሬሙ እንዳይፈስ ስለሆነ ከፍ ብሎ የቆመ ለስላሳ ክሬም ባዩበት ሁሉ መጠርጠር ይገባል። ሩም ደግሞ በፑንሽክራፕፈን ብቻ ሳይሆን በማላኮፍ ቶርተ፣ አንዳንድ ጊዜም በሽትሩደሉ ዘቢብ ውስጥ ይገኛል። አንድ ጊዜ አልኮል ከማይቀምስ ዘመዴ ጋር ሆኜ ሳልጠይቅ አዝዤ፣ ሽታው ከሹካው ጋር አፍንጫው ላይ ሲደርስ ነው የተረዳነው። ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ አላዝዝም።

አራቱ ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው፤

«ኢስት ዳ አልኮሆል ድሪን?» — አልኮል አለው?
«ኢስት ዳ ጌላቲነ ድሪን?» — ጄላቲን አለው?
«ኢስት ዳስ ሃውስገማኽት?» — እዚሁ የተሠራ ነው?
«አይን ሽቱክ፣ ጽቫይ ጋበልን፣ ቢተ» — አንድ ቁራጭ፣ ሁለት ሹካ እባክዎ።

ሦስተኛው ጥያቄ የሚጠቅመው «ካፌሃውስ» እና «ኮንዲቶራይ» የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ካፌሃውስ ዋና ሥራው ቡናና መቀመጫ ነው፤ ኬኩን ከሌላ ጋጋሪ የሚያመጣ ሊሆን ይችላል። ኮንዲቶራይ ግን ኬክ ሠሪ ቤት ነው። ለመቅመስ የሄደ ሰው የሚሠራውን እጅ ማወቅ አለበት።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያውን ቀን በሽትሩደል ይጀምሩ

ቁርስ ጨው ያለው ነገር ይሁን፤ እንቁላል ወይም ዳቦ በአይብ በቂ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ስኳር መጀመር ቶሎ ያቅለሸልሻል፣ ስኳርን በደም ውስጥም በአንድ ጊዜ ያወጣዋል።

ሽትሩደል ቀዳሚ የሚሆነው ፍራፍሬው ጎምዛዛ፣ ክሬሙም ጥቂት ስለሆነ ምላስን ሳያደክም ስለሚከፍት ነው። ለዚህ ካፌ ፕሩከል ይመቻል፤ በዩ3 የምድር ባቡር ሽቱበንቶር ወርደው ከፊት ለፊት ያገኙታል፣ አዳራሹም ሰፊ ነው። ኮትዎን መስቀያው ላይ ይስቀሉ፤ አስተናጋጅ እንዲያስቀምጥዎ የሚል ምልክት ከሌለ ክፍት ጠረጴዛ መርጠው ይቀመጡ። አስተናጋጁን በጣት ማጨብጨብ ወይም ጮኽ ብሎ መጥራት ነውር ነው፤ ዓይኑን ይጠብቁና እጅዎን በመጠኑ ያንሡ። በአንዳንድ ኬክ ቤቶች ኬኩን ከመስታወቱ መደርደሪያ ሄደው ይመርጡና ሻጯ የምትሰጥዎትን ወረቀት ለአስተናጋጁ ይሰጣሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው ኬኩ ካልመጣ ይህን ያስታውሱ።

ከኬክ ጋር ምን ቡና ይታዘዝ? ዝም ብሎ «ቡና» ማለት በቪየና አይሠራም። «ክላይነር ብራውነር» ትንሽ ቡና ከጥቂት ክሬም ጋር፣ «ፈርሌንገርተር» ውኃ የበዛበት ቀጠን ያለ ቡና፣ «ሜላንዥ» ደግሞ ወተትና አረፋ ያለው፣ ለእኛ ማኪያቶ የሚቀርበው ነው። «አይንሽፔነር» ጥቁር ቡና ላይ ከፍ ያለ የተመታ ክሬም የተከመረበት ሲሆን «አይስካፌ» ከተባለ የሚመጣው አይስክሬም ያለበት ቡና ነው። ለመቅመስ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይምረጡ፤ መራራው ቡና ስኳሩን ይጠርገዋል፣ በክሬም የተሞላው ግን ራሱ ሌላ ኬክ ነው።

ቡናው በትንሽ ትሪ ላይ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ይመጣል። ውኃው ለጌጥ አይደለም፤ በየሁለት ጉርሻው ይጎንጩት። የቪየና የቧንቧ ውኃ ከተራራ ምንጭ የሚመጣና ጥሩ ስለሆነ የጠርሙስ ውኃ መግዛት አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ በሦስት ጉርሻ ይቅመሱ

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው፤ ለስድስቱም ኬኮች ይሠራል።

ከማቀዝቀዣ የወጣ፣ የቅቤ ክሬም ያለበት ኬክ ከቀረበልዎ አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ቀዝቃዛ ቅቤ በምላስ ላይ ስለማይቀልጥ ጣዕሙን አፍኖ ይይዘዋል፤ ሲለሰልስ ግን የአልሞንዱም የቫኒላውም ሽታ ይወጣል። ሽትሩደልና ቡኽተልን በተቃራኒው ወዲያው መበላት አለባቸው፤ ሊጡ ሲቀዘቅዝ እርጥበት ይስብና ይለጠልጣል።

የመጀመሪያው ጉርሻ ከምንም ነገር ጋር ሳይቀላቀል ኬኩ ብቻ ይሁን፤ ሹካውንም ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርገው ሁሉንም ንጣፍ ያንሡ። ክሬሙን ብቻ ወይም ሽፋኑን ብቻ መላስ ጋጋሪው ያሰበውን ሚዛን አያሳይም። ሁለተኛው ጉርሻ ከጎኑ ከቀረበው ጋር ይሁን፤ የተመታ ክሬም፣ ሶስ ወይም ፕሪም። በቪየና ከኬክ ጎን የሚቀርበው የተመታ ክሬም ብዙ ጊዜ ስኳር የለውም፤ የሚጨመረውም ለማጣፈጥ ሳይሆን ደረቁን ለማራስና ጣፋጩን ለማለዘብ ነው። ሦስተኛው ጉርሻ ከቡና በኋላ ይሁን። እዚህ ላይ ኬኩ ጠፍቶ ቡናው ብቻ ከቀረ ኬኩ ደካማ ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም ከቆሙ ጥሩ ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ የስኳሩ መጠን፣ የሊጡ ርጥበትና ከዋጡ በኋላ አፍ ውስጥ የቀረው ምን እንደሆነ። «ቆንጆ ነው» ብሎ መጻፍ ማታ ምንም አያስታውስዎትም። «ከዋጥኩ በኋላ ቅርንፉድ ይሸታል» ቢሉ ግን ከወር በኋላም ኬኩን ያመጣልዎታል።

ከዚህ በኋላ ግማሹ ላይ ያቁሙ። ምግብ መተው ለሚከብደን ሰዎች ይህ አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው አንድ ቁራጭ ለሁለት የሚታዘዘው፣ ሣጥኑም የተያዘው። «ጹም ሚትኔመን፣ ቢተ» ካሉ የተረፈውን ይጠቀልሉልዎታል።

ደረጃ 6፦ ከሰዓት በኋላ ከባዱን፣ ማታ ትኩሱን

በደረጃ 7 ካለው ንጽጽር በቀር በአንዱና በሌላው ኬክ መካከል ቢያንስ ሦስት ሰዓትና አንድ ጨዋማ ምግብ ይኑር። ከሽቱበንቶር ወደ እስጢፋኖስ ካቴድራል፣ ከዚያም በግራበን ጎዳና በኩል መሄድ በቂ የእግር ጉዞ ነው። ከሰዓት በኋላ ኤስተርሃዚውን ወይም ዶቦሹን በዚሁ መሐል ከተማ ካሉት ኬክ ቤቶች በአንዱ ይቅመሱ።

ማታ በዶሮቴርጋሰ ወዳለችው ጠባብ ካፌ ሃቬልካ ይሂዱ። ቡኽተልኑ ከምድጃ የሚወጣው ከ20:00 ጀምሮ ነው፤ ቀን ቢሄዱ አያገኙትም። እራትዎን ቀለል አድርገው ይብሉ፤ ቡኽተልን እርሾ ያለው ዳቦ ስለሆነ በከባድ እራት ላይ አይመችም። ማርማላታው ከውጭው ይልቅ በጣም የሚያቃጥል ስለሆነ ሳይቆርሱ አይጉረሱት።

ደረጃ 7፦ ሁለተኛውን ቀን በሁለቱ ዛኸርቶርተ ይጀምሩ

ብዙ ጎብኚ ዛኸርቶርተን በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከምሳና ከሌላ ኬክ በላይ ይበላና «ደረቅ ነው» ብሎ ይመለሳል። ይህን ኬክ የሚመዝን ምላስ ንጹሕ መሆን አለበት፤ ለዚህ ነው ጠዋት፣ ከቀላል ቁርስ በኋላ፣ ከማንኛውም ጣፋጭ በፊት ያስቀመጥኩት።

መጀመሪያ ከኦፔራው ቤት ጀርባ ወዳለው ሆቴል ዛኸር ይሂዱ። አንድ ቁራጭ በሁለት ሹካ ያዙ፤ «ሚት ሽላግ» ብለው ክሬሙ መኖሩን ያረጋግጡ። ክብ የቸኮሌት ማኅተሙን ካዩ በኋላ ቁራጩን ከጎን ይመልከቱት፤ የአፕሪኮቱ ማርማላታ በሁለት ቦታ ይገኛል፣ አንደኛው በኬኩ መሐል፣ ሁለተኛው ከቸኮሌት ሽፋኑ ሥር። ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዘው በኮልማርክት ጎዳና ወዳለው ዴመል ይግቡ። እዚያ ማኅተሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ማርማላታው ደግሞ ከሽፋኑ ሥር ብቻ ነው። የእነዚህ ሁለት ቤቶች ለረጅም ዓመታት የዘለቀ የፍርድ ቤት ክርክርም በዚህ ኬክ ስምና አሠራር ላይ የነበረ ነው።

የሚፈልጉት ልዩነት የትኛው ይጣፍጣል የሚለው አይደለም። የማርማላታው ጎምዛዛነት በየትኛው የጉርሻ ክፍል ላይ እንደሚመጣ፣ የኬኩ መሐል ያለ ማርማላታ ምን ያህል ርጥብ እንደሆነ፣ ሽፋኑም ሲነከስ ይሰበር ወይም ይለጠጥ እንደሆነ ይመልከቱ። በሁለቱ መካከል ውኃና ደረቅ ዳቦ ብቻ ይውሰዱ። በዴመል ውስጥ ጋጋሪዎቹ ሲሠሩ በመስታወት ስለሚታይ ትንሽ ቆመው ይዩ፤ ቸኮሌቱ እንዴት እንደሚፈስ ካዩ በኋላ ሽፋኑን በሌላ ዓይን ይቀምሱታል።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻውን በርካሽ ቤት ይጨርሱ

ስድስተኛው ክሬምሽኒተ ወይም ካርዲናልሽኒተ ይሁን። ለክሬምሽኒተ ሮዝ ቀለም ባለው ምልክቱ የሚታወቀውና በከተማው ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አይዳ በቂ ነው። ከታዋቂዎቹ ቤቶች ዋጋው ስለሚያንስ የከተማው ሰው በየቀኑ የሚበላው ኬክ ምን እንደሚመስል እዚህ ይገባዎታል። ጊዜ ካለዎት ግን ከናሽማርክት ገበያ በላይ ወዳለው ካፌ ሽፔርል ይውጡና በቤቱ ስም የሚጠራውን ኬክ ይያዙ፤ ለሰላሙና ለአሮጌው አዳራሹ ብቻ እንኳ መንገዱ ዋጋ አለው።

ሚልፎኝ መሰሉን ሲበሉ በጎኑ ያስተኙትና በሹካ ይቁረጡ። ቆሞ ሳለ ከላይ ከተጫኑት ክሬሙ በሙሉ ወደ ሳህኑ ይፈሳል።

ደረጃ 9፦ አከፋፈል

«ጻለን፣ ቢተ» ይበሉ። አስተናጋጁ ድምሩን ሲነግርዎ ጉርሻውን ጨምረው የሚከፍሉትን ሙሉ ቁጥር በቃል ይንገሩት፤ ለምሳሌ ሂሳቡ 13 ዩሮ ከ60 ሳንቲም ከሆነ «15» ይበሉ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ልማዱ ነው። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት አይለመድም፤ በካርድ ሲከፍሉም ቁጥሩን ማሽኑ ከመቅረቡ በፊት ይናገሩ። ሂሳብ ካልጠየቁ ማንም አያመጣልዎትም፤ ይህ እርስዎን መርሳት ሳይሆን በአንድ ቡና የፈለጉትን ያህል እንዲቀመጡ መተው ነው።

ማስጠንቀቂያዎች

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ፕሮግራም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምረው፤ ቢፈቀድለትም በቀን አንድ ማረፊያ፣ ከምግብ ጋር ይሁን።

«ሞንሽትሩደል» የሚባለው በፖፒ ፍሬ የተሞላ ነው። ፍሬው በሽንት ላይ የሚደረገውን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል በቅርብ ቀን ለሥራ እንዲህ ያለ ምርመራ የሚጠብቅዎ ከሆነ ይተዉት።

«ፊያከር» እና «ማሪያ ቴሬዝያ» የሚባሉት ቡናዎች አልኮል አላቸው፤ ስማቸው ብቻ ስለማይናገር ለነፍሰ ጡርና ለማይጠጣ ሰው ይነገር።

የክሬም ኬክ በሙቀት ቀን በቦርሳ ይዘው አይዙሩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ክሬምና ያልበሰለ እንቁላል ያለበት ኬክ ሆድ ሊያበላሽ ይችላል፤ በሣጥን የሚቀመጠው እንደ ሊንጸር ወይም ዛኸር ያለ ደረቅ ኬክ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ። ከሦስተኛው በኋላ ያለው ገንዘብ የሚወጣው ለፎቶ ነው።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኬክ ማዘዝ። አራት ሰው አራት ኬክ ካዘዘ ሁሉም የሌላውን መቅመስ ይፈልጋል፣ ሁሉም ይተርፋል። ለአራት ሰው ሁለት ዓይነት ይበቃል።

ዛኸርቶርተን ያለ ክሬም መብላትና ደረቅ ነው ብሎ መፍረድ። ክሬሙ የኬኩ አካል ነው።

ወደ ቤት የሚወስዱትን የተሳሳተ መምረጥ። ብዙዎች የሚያምረውን የክሬም ኬክ ገዝተው ከአውሮፕላን በፊት ይጥሉታል። ለመንገድ የሚሆነው በእንጨት ሣጥን የሚሸጠው ሙሉ ዛኸርቶርተ ነው፤ ማርማላታውና ሽፋኑ አየር ስለሚከለክሉ ሳይቀዘቀዝ ይቆያል፣ የሚቆይበትም ቀን በሣጥኑ ላይ ተጽፏል። በእጅ ሻንጣ ይያዙት፤ ከታች በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ማርማላታ በጠርሙስ ከገዙ ግን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነውን ፍተሻው እንደ ፈሳሽ ሊይዘው ስለሚችል ወደሚጫነው ሻንጣ ያስገቡት። ቤት ሲደርሱ ኬኩን ፍሪጅ ውስጥ አያስቀምጡ፤ ሽፋኑ ላይ ጤዛ ይይዝና ይደበዝዛል። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ያቆዩት፣ ቢላዋውን በሙቅ ውኃ ነክረው ካደረቁ በኋላ ይቁረጡት፣ ክሬሙንም ያለ ስኳር መትተው ከጎኑ ያቅርቡ።